እናቴ ታክስ ያላሠራችበት ምክንያት

ታክስ የሚሠሩልን ጋሼ እናቴን «የካቻምናው ታክስሽስ የት አለ?» ብለው ሲጠይቋት ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

«ካቻምናማ አዲስ አበባ ነበርኩ» አለች።

«እሱን አውቃለሁ። ፋይል አድርገሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«የት? አዲስ አበባ?»

«እዚህ።»

«ጋሼ ደግሞ! በሌለሁበት አገር?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቢሯቸው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የባልትና ሱቅ በላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ በርበሬው አስነጥሶኝ ስለነበር አፍንጫዬን እንደያዝኩ ነው የምሰማው።

«ስሚ የኔ እህት» አሉ፤ «አንቺ ሲቲዝን ነሽ። ሲቲዝን ጨረቃ ላይ ቢኖር እንኳ በየዓመቱ ገቢውን ለዚህ መንግሥት ይናገራል። ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው የዘለልሽው?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አዲስ አበባ ሄዳ፣ አግብታ፣ ወዲያው ነው የወለደችኝ። «የሷን ዕድሜ ያህል ይሆናል» አለች ቀስ ብላ።

ጋሼ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አድጋለች» አሉ።

እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በወጣትነቷ በስደት እዚሁ ሎስ አንጀለስ መጥታ፣ ሬስቶራንትም ፓርኪንግም ሠርታ ዜግነት አገኘች። ከዚያ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደች። ሠርጉ መሃል መብራት ጠፋ፤ መብራቱን ሊያስተካክል የመጣው ኤሌክትሪሻን መሰላል ላይ ቆሞ «እዚያ ጋ ያለሽው፣ ባትሪ ያዢልኝ እስቲ» አላት። ያዘችለት። እንደያዘችለት ቀረች። ኤሌክትሪሻኑ አባቴ ነው። እዚያው ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ሥራ ያዘች፣ እኔ ተወለድኩ፣ አደግሁ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ። አምና እሷና እኔ ብቻችንን ተመልሰን መጣን፤ ባሏን ለማምጣት መጀመሪያ እሷ እዚህ መኖር አለባት ተብላ ነው። አሁን ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች።

የአባቴ የቪዛ ጉዳይ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሩ ነበር የሚሄደው። ኢሚግሬሽኖቹ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን አምነዋል። የቀረው የስፖንሰር ወረቀት ነው፤ እናቴ «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብላ የምትፈርምበት። አባቴ ስፖንሰር ሲባል የኳስ ማሊያ ነው የሚታየው። «ሶ ስምሽ ደረቴ ላይ ይጻፋል ማለት ነው?» ይላታል በስልክ፤ እዚህ በእንግሊዝኛ «ስለዚህ» ለማለት የሚባለውን «ሶ» ከኔ ተምሮ በየቦታው ይሰካዋል። የስፖንሰር ወረቀት ደግሞ የስፖንሰሩን ታክስ ይጠይቃል። የእናቴ ታክስ ከሌለ ወረቀቱ አይሄድም፤ ወረቀቱ ካልሄደ አባቴ አይመጣም። ጉዳዩን ዝም ካሉት ደግሞ ይዘጋል።

«ስንት ሊያስከፍሉኝ ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም ላያስከፍሉሽ ይችላሉ። የአዲስ አበባ ደሞዝሽ እነሱ ካስቀመጡት ልክ በታች ነው። ችግሩ አለመክፈልሽ አይደለም፤ አለመናገርሽ ነው።» ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንዳንቺ ውጭ ኖረው ሳያውቁ ለቀሩ ሰዎች መንገድ አለ። የቅርቦቹን ዓመታት አሁን እንሠራቸዋለን። ከዚያ ጋር ግን አንድ ጽሑፍ ይያያዛል። ለምን እንዳላደረግሽ፣ ሆን ብለሽ እንዳልሆነ፣ በዝርዝር፣ በራስሽ ቃል። ትፈርሚበታለሽ።»

«እርስዎ ይጻፉልኛ።»

«እኔ ከጻፍኩት የኔ ቃል ነዋ። የሚያነበው የታክስ ቢሮ ሰውዬ እኮ የኔን አጻጻፍ ለይቶ ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ልጄ ትጽፋለች» አለች እናቴ፣ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ልጄ ጸሐፊ ናት።»

ጸሐፊ ያለችበት ምክንያት በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ስላነበበችው ነው። ከአዲስ አበባ ስመጣ አፌን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የምፈራ ልጅ ነበርኩ፤ ሶ ድርሰቱ ሲነበብ እኔ ራሴ «ማነው ይሄን የጻፈው?» ብዬ ነበር። እናቴ ድርሰቱን ለማን እንዳላሳየች አላውቅም። ጋሼ ፊት ጸሐፊ ብላ ስትጠራኝ እምቢ አላልኩም። እንዲያውም ደረጃውን ስንወርድ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጀምሬው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ በቪዲዮ ሲደውል ለመንገር ቸኮልኩ።

«አባዬ፣ እማ ቃሏን ልትሰጥ ነው!»

«ስቴትመንት» የሚለውን እንግሊዝኛ በአማርኛ ያሳመርኩ መስሎኝ ነው። አባቴ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«የት ነው ቃሏን የምትሰጠው?»

«ለታክስ ቢሮ።»

«ማን ያዛት?»

«ማንም አልያዛት! ራሷ ናት የምትሰጠው።»

«ራሷ? ሳትጠየቅ?» ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ስጪኝ።»

እናቴ ስልኩን ወስዳ ኩሽና ገባች። የኛ ኩሽና በር የለውም፣ ሁሉም ይሰማል።

«እኔ የማውቀው» ይላል አባቴ፣ «መንግሥት ካልጠየቀሽ አትናገሪም። ከጠየቀሽ ደግሞ መጀመሪያ ‹ምን አሉኝ?› ትያለሽ።»

«ይሄ ሌላ አገር ነው።»

«መንግሥት መንግሥት ነው፣ አገር ምን አገባው። እኔ ልቆይ። አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ልቆይ። አንቺ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ፣ በገዛ እጅሽ ፈርመሽ፣ አንድ ነገር ቢያደርጉሽ ልጅቷ እዚያ ከማን ጋር ልትሆን ነው?»

ይህን ስሰማ ገባሁና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «አባዬ፣ ቃል ስላልኩ ነው የተደናገጥከው። ቃል መስጠት አይደለም፣ ማስረዳት ነው» አልኩት።

«የማስረዳትና የማመን ልዩነቱ ፖሊሱ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለ። ግን ሳቀ። ለማንኛውም ስልኩን ስንዘጋ «ጻፉት» አላለም፣ «አትጻፉት»ም አላለም። እናቴም አላለችም። እኔ ግን ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ሦስት ገጽ ነበር። በሠርጉ መብራት መጥፋት ይጀምራል። መሰላሉ አለ፣ ባትሪው አለ፣ እኔ መወለዴ አለ፣ ቦሌ ላይ አባቴ ሻንጣችንን ለመጨረሻ ጊዜ መዝኖ «ከባድ ነው፣ እኔን ከውስጡ አውጡኝ» ማለቱ አለ። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ሳነብላት እናቴም አለቀሰች፤ ሶ ጨርሻለሁ ብዬ ደመደምኩ።

ጋሼ ሦስቱንም ገጽ ሳይቀመጡ አነበቡት። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንጀቴን በላሽው» አሉኝ። «ግን ታክሱ የት አለ?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ታች።»

ፈለጉት። «‹ከፍቅር የተነሣ ታክሷን ረሳች።› ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ረሳች ማለት እኮ ታውቀው ነበር ማለት ነው። ሰው የማያውቀውን አይረሳም።»

ይህን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር።

«እንግዲያው አላወቅሁም በይ፣ በቃ!» አለች እናቴ ከጎኔ። የሆቴሉን ዩኒፎርም ለብሳ ነው የመጣችው፣ ሺፍቷ ሊደርስ ነው። «አንድ መስመር ይበቃል። አላወቅሁም።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም አይሆንም። ከመሄድሽ በፊት እዚህ እያለሽ በየዓመቱ ፋይል አድርገሻል። እነሱ ጋ ተመዝግቧል። ያደረግሽውን ነገር አላውቀውም ብትይ ማን ያምንሻል? ረሳሁ ካልሽ ጥፋት ነው፤ አላወቅሁም ካልሽ ውሸት ይመስላል። እውነቱ ከሁለቱ መሃል አንድ ቦታ አለ። እሱን ፈልጋችሁ አምጡልኝ።»

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ እናቴ «ምናልባት አባትሽ ልክ ነው» አለች፤ አውቶቡሱም መጣና ገብታ ሄደች። እኔ ቤት እስክደርስ ሦስቱን ገጾች ደጋግሜ አነበብኳቸው። አሁንም ያምሩ ነበር። የሚያናድደው እሱ ነው።

እሑድ ከሰዓት ላውንደሪ፣ የሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሄድን። ላውንደሪው ከኛ ሕንጻ ሁለት መንገድ ያህል ይርቃል፤ ታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ቀድመውን ገብተው ሁለት ማድረቂያ ይዘዋል። እትዬ የሚሠሩት ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር፣ ከቢሮዎቹ ጀርባ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ባላቸው ታክሲ ይነዳል።

«ታክስ አሠራሽ?» አሏት እናቴን ገና ሰላም እንዳሏት።

«ጀምሬያለሁ፣ እትዬ።»

«ታክስ ደግሞ ይጀመራል እንዴ! ይሠራል ያልቃል። እኔ ዘንድሮ ደህና አድርጎ መለሰልኝ። አንቺስ ስንት መጣልሽ?»

«ገና ነው።»

«ባልሽ ሲመጣማ ከዚህ የበለጠ ይመልስልሻል። ባል ለዚህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ሳቁና የእናቴን ፊት ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገቢሽ ለስፖንሰር አነሰ ብለውሽ ከሆነ የኔ ሰውዬ ዋስ ይሆንሻል። ታክሲ ቢነዳም ታክሱ ንጹሕ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ዋስ ቢኖርም የራሴ ታክስ አይቀርልኝም ብለውኛል።»

እኔ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። መለሰልኝ። መጣልሽ። ይመልስልሻል። እዚህ ሰፈር ከጥር ጀምሮ በየደረጃው፣ በየአውቶቡሱ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ማንም ማንንም «ስንት ከፈልሽ?» ሲል፣ «ተናገርሽ ወይ?» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዤ ቆምኩ።

«እማ፣ ታክስ ማሠራት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥያቄ ነው ይሄ? አጥፊ ባክሽ።»

«የምሬን ነው። ምን ማለት ነው?»

«ገንዘብሽን ማስመለስ ነዋ። ዓመቱን ሙሉ ከደሞዝ ቼክሽ የቆረጡትን ሄደሽ ታስመልሻለሽ።»

«ካላሠራሽስ?»

«ካላሠራሽማ ገንዘብሽ እዚያው ይቀራል።»

«ወንጀል አይደለም?»

እናቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «የራስሽን ገንዘብ ሄደሽ ባትቀበይ ምን ወንጀል አለው? ጥርስ እንደ ማሠራት ነው። ካላሠራሽ አንቺው ነሽ የምትጎጂው።»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ፣ ካልሲ እያጣመሩ።

«እሺ አዲስ አበባ እያለሽ ለምን አላሠራሽም?»

«ምን የሚመለስ አለኝና? እዚህ ማንም ምንም አልቆረጠብኝም። እዚያ ደግሞ ግብሬን ክሊኒኩ ነው ከደሞዜ ቆርጦ የሚከፍለው። እኔ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ቢሮ ሄዶ ገቢ የሚያስታውቀው ነጋዴ ነው፤ ደሞዝተኛ ምን የሚያስታውቀው አለው? እኔ ግብር ያልከፈልኩበት ወር የለም እኮ!» ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ሁለት ማሽን አልፎ ያለ ሰውዬም ዞሮ አየን።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እርስዎ አዲስ አበባ ሄደው ቢኖሩ፣ ሲቲዝን ስለሆኑ ብቻ በየዓመቱ እዚህ ፋይል ማድረግ እንዳለብዎት ያውቃሉ?»

እትዬ ካልሲውን ተዉት። «እኔ? እዚያ ሄጄ? ማነው ያለው?»

«ጋሼ ናቸው ያሉት።»

«እሳቸው ደግሞ ገበያ እንዳይቀንስባቸው ነው!» አሉና ትንሽ አሰቡ። «የምርሽን ነው እንዴ? እኔ እኮ ጡረታዬን ይዤ ልገባ ነው ሐሳቤ። ኧረ በስማም! ለሰውዬው ልንገረው።» ማድረቂያቸው እየዞረ ጥለውት ሊደውሉ ወጡ።

እኔም አንሶላውን ግማሽ እንደታጠፈ ለእናቴ አስይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። ከኋላዬ «አንቺ! ልብሱን ማን ሊሸከመው ነው?» ስትል ሰማኋት። አልቆምኩም።

የተገኘው ነገር ይሄ ነው። እናቴ አላወቀችም ማለት ውሸት ነው፣ ረሳች ማለትም ውሸት ነው። እናቴ ታውቅ የነበረው ታክስ ማሠራትን ነው። ፋይል ማድረግ የሚባለውን ነገር ግን አንድ ጊዜም አድርጋ አታውቅም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያደርግላት። እሷ ቼኳን ይዛ ትሄዳለች፣ አንዱ ጋሼ ይሠራላታል፣ ትፈርማለች፣ ገንዘብ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ታክስ ማለት መንግሥት ያለበትን ዕዳ የሚከፍልበት ቀን ነው! ዕዳ የሌለበትን መንግሥት ደግሞ ማን ሄዶ ያስቸግረዋል?

ችግሩ በእንግሊዝኛ ማለቱ ላይ መጣ። «ማሠራት»ን የሚያክል አንድ ቃል አጣሁለት። ቃል በቃል ስጽፈው እናቴ ፋብሪካ ሄዳ ታክስ ያስመረተች መሰለ። ሌላ ሞከርኩ፣ ጸጉር ቤት የሄደች መሰለ። ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ አላውቅም። በመጨረሻ ቃሉን መተርጎም ተውኩና እንዳለ አስቀምጬው ስለ ቃሉ ጻፍኩ። በአማርኛ ብመልሰው ይህን ይመስላል፦

«በምንኖርበት ሰፈር ሰዎች ታክስ ፋይል አደረግሁ አይሉም፣ ‹ታክስ አሠራሁ› ነው የሚሉት። ትርጉሙ ሌላ ሰው ሠራልኝ፣ ከገንዘቤም የተወሰነው ተመለሰልኝ ማለት ነው። እኔም ከመሄዴ በፊት በየዓመቱ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ወደ አገሬ ስመለስ በዩናይትድ ስቴትስ ከደሞዜ የተቆረጠ ገንዘብ ስላልነበረኝ የማሠራው ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም። እዚያ ግብሬን በየወሩ አሠሪዬ ቆርጦ ይከፍል ነበር፤ በዚያ አገር ሕግ ደመወዝተኛ ራሱ ሄዶ የሚያስታውቀው የለውም። ስለዚህ ግዴታዬን በሙሉ የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ በፊት ስጽፍ ያላየሁት ነገር ሆነ። ምንም የሚያምር ነገር የለበትም። መሰላል የለ፣ ቦሌ የለ፣ እንባ የለ። ግን ሳነበው የእናቴን ድምፅ ነው የሰማሁት፤ በሦስቱ ገጾች ውስጥ የነበረው የኔ ነው። በደስታ ኩሽናውን ዞርኩት።

እናቴ ልብሱን ተሸክማ ስትገባ ሳላሳርፋት አነበብኩላት። እስክጨርስ ቆማ ሰማች።

«ደደብ አስመሰልሽኝ እኮ» አለች።

«ማን? እኔ?»

«‹የማሠራው ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።› እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሰውዬ ይህን ሲያነብ ምን ይላል? ‹ገንዘብ ስትፈልግ ብቻ ነው የምትመጣው› አይልም? ሦስቱ ገጽ ይሻላል። እሱ ላይ ቢያንስ ሰው እመስላለሁ።»

«እማ፣ እዚያ ላይ የምታምሪው እኔ ስላሳመርኩሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ውሸት ግን ትሆኛለሽ።»

ከልብሱ ውስጥ የአባቴን ሹራብ አወጣች፤ አዲስ አበባ ሲበርዳት ትለብሰው የነበረ፣ እዚህም ይዛው የመጣች ነው። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«እውነት አይደለም እንዴ የጻፍኩት?» አልኳት።

«እውነት ነው» አለች። «እሱ ነው ያናደደኝ። እንዲህ ተጽፎ ሳየው ያሳፍራል። ያኔ ግን አያሳፍርም ነበር። ማንም እንደዚያ ነው የሚያስበው።»

«እትዬ አሁንም እንደዚያ ነው የሚያስቡት።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ለአባቴ ደወለችና እኔ አንብቤ ተረጎምኩለት። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ይሄንን ነው የምትሰጪው?» አላት።

«ይሄንን ነው።»

«በዚህስ አያስሩሽም። በዚህ ቢያስሩሽ መርካቶን ሁሉ ማሰር አለባቸው።» ቀጠለና፣ «ግን ፈርተሽ እንዳትፈርሚ። እኔ መቆየት እችላለሁ» አለ።

«እኔ አልችልም» አለች እናቴ። እንዲህ ብላ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለቱንም ላለማየት ሹራቡን አንስቼ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

ጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስወጡኝ፤ መጨረሻ ላይ ስለ ቋንቋና ስለ ስደት የጻፍኩትን፣ በጣም የወደድኩትን። «ይቺ ለሌላ ጊዜ ትሁንሽ» አሉ። አኮረፍኩ፣ ግን ልክ ናቸው። የቀረውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አማርኛ የማይችለው ሰውዬ ይገባዋል?» አልኳቸው።

«ይገባዋል። እኔም ዛሬ ነው የገባኝ።» ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ‹ታክስ ሥራልኝ› ሲለኝ ሠርቻለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።»

እናቴ ፈረመች። ፊርማዋ ከወትሮው ተለቅ ያለ ነበር።

ከታክስ ቢሮው ደብዳቤ አልመጣም። ጋሼ ዝም ካሉ ተቀብለውታል ማለት ነው አሉን። አባቴ ይህን ስንነግረው አላመነም፤ «ዝም ያለ መንግሥት እያሰበ ነው» አለ። የስፖንሰር ወረቀቱ ግን ከታክሶቹ ጋር ሄደ፣ ተቀባይነት አገኘ፣ ከወራት በኋላም የኤምባሲ ቀጠሮ መጣለት። የቀጠሮው ዕለት እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ሌሊት ስለነበር ተኝተናል ብሎ አልደወለም። ጠዋት እኔ ለትምህርት ቤት፣ እናቴ ለሥራ ስንዘጋጅ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አንድ ጫማ አድርጋለች፣ ሌላው በእጇ ነው። ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ደረስክ? ገባህ? ምን አሉህ?» አለች።

«ገባሁ። ሴትዮዋ ቁጥብ ናት፣ ብዙ አታወራም» አለ አባቴ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነው። «ወረቀቱን አገላበጠች፣ አገላበጠች። ‹ሚስትህ የት ነው የምትሠራው?› አለችኝ። ነገርኳት። ‹እንዴት ተዋወቃችሁ?› አለችኝ። መብራት ጠፍቶ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፓስፖርቴን ወሰደችው።»

«ወሰደችው ማለት?» አልኩ እኔ።

«ወሰደችው። ‹መሄድ ትችላለህ› አለችኝ። ፓስፖርቱ እነሱ ጋ ቀረ። እኔም ባዶ እጄን ወጣሁ።»

ፓስፖርት የተወሰደበት ሰው ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የትም አይሄድም፣ በቃ። የጻፍኩት ገጽ ነው ያስወሰደበት፣ አባቴ መጀመሪያውኑ ልክ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቦርሳዬን መሬት ላይ ለቀቅኩት። «እማ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ።

እናቴ አፏን በጫማው ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስጠጋ፣ እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ወደ ስልኩ። «ልጅቷን ገደልካት እኮ! አንተ የተረገምክ! ቪዛውን ሊመቱበት ነው የሚያስቀሩት» አለችኝ፤ «ያልተሳካለትን ነው ፓስፖርቱን በእጁ ሰጥተው የሚያባርሩት።»

ከስልኩ ውስጥ የአባቴ ሳቅ ፈነዳ። ቀኑን ሙሉ ይዞት የቆየ ሳቅ ነው። «ባዶ እጄን ወጣሁ!» ይላል፣ «ባዶ እጄን! ሶ፣ ምን ላድርግ?» እኔ የሰደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። አባት እንዲህ አይሰደብም፣ ግን ሰደብኩት፤ እሱ ደግሞ ባሰበት።

እናቴ ሁለተኛውን ጫማ አደረገች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሊፕስቲኳን እንደገና ተቀባች። «ሺፍቴ አለፈ» አለችና በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ ሳመችኝ፣ ስልኩንም ሳመችው፣ ወጣች።

እኔም አረፈድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው። ትራሴን አነሣሁና ሳሎን ሶፋው ላይ ጣልኩት፤ ጫማዬን አውልቄም ተጋደምኩበት፣ ለመለካት ያህል። እግሬ ከጫፉ አልፎ ይንጠለጠላል። ወንበር ካስጠጋሁበት ይበቃኛል ብዬ ተነሣሁና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።